ሩጫው አለሽ፣ ውኃው ግን ገና ነው

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። 39 ዓመቴ ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የምሠራው በአረጋውያን መንከባከቢያ ሲሆን ብዙውን ጊዜ የሌሊት ፈረቃ ነኝ። አራት ማራቶን ሮጫለሁ፤ ጥሩ ሰዓቴ 3 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ነው። ባለፈው ሰኔ ማይን ወንዝ ዳር ቆሜ የአይረንማን ተወዳዳሪዎችን ሳይ ልቤ ተነሣና ለሚቀጥለው ሰኔ ተመዘገብኩ። የከፈልኩት ዕቁብ ሲደርሰኝ ባገኘሁት ገንዘብ ነው። ገንዘቡ ለአገር ቤት ጉዟችን የታሰበ ነበር፤ ለባለቤቴም የነገርኩት ከከፈልኩ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ውድድሩ ሳነሣ ዝም ይለኛል። እናቴ ደግሞ በስልክ ‹ምን ጎድሎሽ ነው?› ትለኛለች። ዋና የተማርኩት ካቻምና ነው። ገንዳ ውስጥ ሳላርፍ 200 ሜትር እዋኛለሁ። ሐይቅ ውስጥ ግን ሥሩ አልታይ ሲለኝ ትንፋሼ ይቆረጣል። ውድድሩ የሚውለውም በሐዋርያት ጾም ውስጥ ነው፤ እኔ ጿሚ ነኝ። በዘጠኝ ወር እደርሳለሁ? ወይስ አብጃለሁ?»

እህቴ፣ አላበድሽም። ሳላለባብስ ልንገርሽ ግን፦ በሚቀጥለው ሰኔ ሙሉውን አይረንማን አትግቢበት። አንድ ዓመት አቆዪው። ይህን የምልሽ አትችይም ብዬ አይደለም። የጎደለሽ ነገር በጉብዝና ብቻ የሚሞላ ስላልሆነ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ልናገር። ሙሉው አይረንማን 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 42.195 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው፤ ሁሉም በአንድ ቀን፣ ተከታትሎ። ሦስቱ እንዲህ የሚከታተሉበት ውድድር፣ ርቀቱ ቢያጥርም ቢረዝምም፣ ትራያትሎን ይባላል። ብዙዎቹ ውድድሮች 17 ሰዓት ይሰጣሉ። እዚያው ጀርመን ያለው የሮት ውድድር ግን ገደቡ 15 ሰዓት ነው። አይረንማን ከመነሻውም የአማተሮች ውድድር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ሃዋይ፣ ኦዋሁ ደሴት ላይ ሲጀመር የተነሡት 15 ሰዎች ነበሩ፤ የጨረሱት 12 ናቸው። አንደኛ የወጣው ጎርደን ሃለር 11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ፈጅቶበታል። በዓመቱ ሊን ለሜር የመጀመሪያዋ ሴት ሆና ገባች፤ ከወንዶቹ ጋር ተሰልፋ በጠቅላላው አምስተኛ ወጣች። ዕድሜዬ አልፏል ብለሽም አትስጊ። ማዶና ቡደር የተባለችው አሜሪካዊት መነኩሲት የመጀመሪያ ትራያትሎኗን የሠራችው በ52 ዓመቷ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ በ82 ዓመቷ ካናዳ ውስጥ ሙሉውን አይረንማን ጨርሳለች። አንቺ ገና 39 ነሽ። ጊዜ አለሽ።

አሁን ወደ ውኃው እንግባ። አገር ቤት ያደግን ብዙዎቻችን ወንዝን የምናውቀው እንደ ክልክል ቦታ ነው። ወንዝ ዳር የታየ ልጅ ቤት ሲገባ አርጩሜ ይጠብቀዋል። ወላጆቻችንም እውነት አላቸው፤ ዋና የሚያስተምር ሰው በሌለበት ልጅን ከውኃ ማራቅ ሕይወቱን ማዳን ነው። ስለዚህ ዋናን በ37 ዓመትሽ መጀመርሽ የሚያኮራ እንጂ የሚያሳፍር አይደለም። ግን ጀርመኖቹ በስድስት በሰባት ዓመታቸው የለመዱትን አንቺ ገና እየለመድሽው ነው። ሰውነትሽ ይህን ያውቃል፤ ሐይቁ ላይ ትንፋሽሽን የሚቆርጠውም ለዚሁ ነው።

ፍጥነቱ እንዳያስጨንቅሽ። በብዙዎቹ ውድድሮች ለዋናው 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይፈቀዳል። ስታሰዪው 100 ሜትሩን በ3 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ከሄድሽ ትደርሻለሽ። ይህ ቀስ ያለ አዋዋኝ ነው። ገንዳ ውስጥ ምናልባት አሁንም ከዚህ ትፈጥኛለሽ።

ችግሩ ያለው ሐይቁ ላይ ነው። የፍራንክፈርቱ ውድድር የሚዋኝበት ላንገነር ቫልድዜ ጠጠር ሲቆፈርበት የተፈጠረ ሐይቅ ነው። ገንዳ ውስጥ ከሥርሽ መስመር አለልሽ፤ በየ25 ሜትሩም ግድግዳ ይዘሽ ታርፊያለሽ። እዚያ መስመርም ግድግዳም የለም። ክንድሽን ዘርግተሽ የገዛ መዳፍሽ በደንብ ላይታይሽ ይችላል። ከጎን የአንዱ ክርን ይመጣል፤ ከኋላ ሌላው ቁርጭምጭሚትሽን ይነካል። ያኔ ስትደነግጪ ጭንቅላትሽን ቀና ታደርጊያለሽ። ጭንቅላት ሲነሣ ዳሌ ይሰምጣል፤ እግርም ይከተለዋል። ውኃው ውስጥ ቆመሽ የምትራመጂ ያህል ትሆኚያለሽ። እጅሽ ይፈጥናል፤ ወደ ፊት ግን አትሄጅም። ልብሽ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥርሻል። ድንጋጤው ድካሙን፣ ድካሙም ድንጋጤውን ያባብሰዋል።

ይህን የዘረዘርኩት ላስፈራራሽ አይደለም። በትራያትሎን ውድድሮች ላይ ከደረሱት ሞቶች አብዛኞቹ የደረሱት በዋናው ክፍል ነው። ሰው ሁሉ የሚፈራው ማራቶኑን ነው፤ አደጋው የሚበዛው ግን ውኃው ላይ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሐኪም ዘንድ ሄደሽ ልብሽን ተመርመሪ፤ የልብ ምት የሚያነበው ምርመራ፣ ኢሲጂ የሚሉት፣ ይነሣልሽ። ስትሮጪ ደረትሽን የያዘሽ ወይም ራስሽን ያሳተሽ ጊዜ ካለ አትደብቂው። ከቤተሰብሽ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለም ንገሪው።

ለመጪዎቹ የብርድ ወራት የምሰጥሽ ሥራ ገንዳ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ፈረቃሽ ካልፈቀደ ሁለት። መጀመሪያ ሜትር አትቁጠሪ። ትንፋሽ ማስወጣት ተማሪ። ሯጮች ውኃ ውስጥ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ ከዚያ ቀና ባሉባት ቅጽበት ማስወጣትም ማስገባትም ይሞክራሉ። አይበቃቸውም። ፊትሽ ውኃ ውስጥ እያለ አረፋ እያወጣሽ ቆዪ፤ ቀና ስትዪ ማስገባት ብቻ ይቅርሽ። ዓይንሽ ወደ ታች ይመልከት። እግርሽን ከጉልበትሽ ሳይሆን ከዳሌሽ አንቀሳቅሺ። የሯጭ ቁርጭምጭሚት ብዙ ጊዜ ደረቅ ነው፤ ጣቶችሽ ወደ ኋላ ካልተዘረጉ እግርሽ ፍሬን ይሆንብሻል። ማታ ቴሌቪዥን ስታዪ ቁርጭምጭሚትሽን አለስልሺው።

ይህን ሁሉ ከቪዲዮ አትማሪውም፤ ከገንዳው ዳር ቆሞ የሚያይሽ ሰው ያስፈልግሻል። የጀርመን የነፍስ አድን ማኅበር፣ ዴኤልኤርጌ የሚሉት፣ ለአዋቂዎች ኮርስ ይሰጣል። የትራያትሎን ክለቦችም አሠልጣኝ ያለበት የዋና ሰዓት አላቸው። ክለብ ግቢ። ጓደኛም ታገኚበታለሽ። ሹሩባ የምትሠሪ ከሆነ ደግሞ ለብዙ ፀጉር የተሠራ ሰፊ የሲሊኮን ቆብ አለ። ጠባቡን እየጎተትሽ፣ መነጽርሽ ግንባርሽ ላይ እየተንሸራተተ አትሰቃዪ።

ግንቦት አካባቢ ውኃው ሲሞቅ ወደ ሐይቅ ውጪ። ብቻሽን ግን በፍጹም አትግቢ። የነፍስ አድን ሠራተኛ ያለበት ቦታ ምረጪ፤ ሰው አብሮሽ ይዋኝ፤ ከወገብሽ ጋር የሚታሰር ደማቅ ተንሳፋፊ ይኑርሽ። እስከ ወገብሽ ገብተሽ ፊትሽን ንከሪና ትንፋሽሽን አውጪ። ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካን ትንፋሽ መቆረጡ የሰውነት ጠባይ ነው፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ ታግሠሽ ስትቆዪ ይሰክናል። ከዚያ በጀርባሽ መንሳፈፍ ተለማመጂ። ደንግጠሽ እያለ ተገልብጠሽ ሰማይ እያየሽ ማረፍ ከቻልሽ ግማሹን ፍርሃት አሸንፈሻል። በውድድር ቀን እጅሽን ካነሣሽ ካያክ የሚሏት ትንሽ ጀልባ ትመጣልሻለች። ካያኩ ወደ ፊት እስካልጎተተሽ ድረስ ይዘሽው ብታርፊ ከውድድር አያስወጣሽም። ይህን ብዙ ጀማሪ ስለማያውቅ ያለ ምክንያት ይጨነቃል።

ዌትሱት፣ ማለት የላስቲክ የዋና ልብሱ፣ ያንሳፍፋል፤ እግርንም ከፍ አድርጎ ይይዛል። ነገር ግን ውኃው ከ24.5 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ለአማተሮች አይፈቀድም፤ በፍራንክፈርት ሰኔ ላይ ይህ ሊያጋጥም ይችላል። ያለ ዌትሱት ርቀቱን መዋኘት ካልቻልሽ ገና አልደረስሽም።

ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እሱ «አትዋኚ»፣ «አትሩጪ» አላለሽም። ዝም ነው ያለሽ። እኔ እንደሚመስለኝ ዝምታው ስለ ውድድሩ አይደለም፤ ስለ ዕቁቡ ነው። ለአገር ቤት ጉዞ የታሰበ ገንዘብ ሁለታችሁም ያለማችሁበት ገንዘብ ነው። እሱ ምናልባት እናት አባቱን ሊያይበት ነበር። አንቺ ደግሞ ወስነሽ፣ ከፍለሽ፣ ጨርሰሽ ነገርሽው። በሱ ቦታ ብትሆኚ ምን ይሰማሽ ነበር?

ስለዚህ ስለ ልምምድ ፕሮግራም ከማውራትሽ በፊት ይቅርታ ጠይቂው። «እሺ፣ ልተወው?» ብለሽ ግን አትጀምሪ፤ እሱ ይቅርታ ሳይሆን ማስጨነቅ ይሆናል። «ሳልነግርህ የከፈልኩት ልክ አልነበረም፤ በየወሩ ይህን ያህል እየመለስኩ እሞላዋለሁ» በዪው። ቁጥሩን ጽፈሽ አሳዪው። ከምዝገባው በኋላ የሚመጣውንም ወጪ አብረሽ ንገሪው፦ ብስክሌቱ፣ ጫማው፣ ዌትሱቱ፣ ገንዳው፣ እየነዱና እየሮጡ የሚወሰደው የስኳር ጄል። ሁለተኛ ጊዜ ድንገት እንዳይሰማ።

ከገንዘቡ የሚከብደው ጊዜው ነው። ለሙሉው ርቀት ልምምዱ በሚጠነክርባቸው ወራት በሳምንት ከ10 እስከ 14 ሰዓት ይፈልጋል። ቅዳሜ ጠዋት ለብስክሌት ወጥተሽ አምስት ስድስት ሰዓት ትቀሪያለሽ። ያ ሰዓት የሱ ቅዳሜ ነው። ልጆቹን የሚያበላው፣ እግር ኳስ የሚወስደው፣ ልብስ የሚያጥበው እሱ ይሆናል። ተመልሰሽም ሶፋ ላይ ወድቀሽ የምትውይ ከሆነ ቀኑ ለቤቱ የለም። በወር ውስጥ የሱ የሆኑ ቅዳሜዎች ይኑሩ፤ በነዚያ ቀናት ብስክሌትሽ አይነሣ። ሌላው ነገር፣ ከሌሊት ፈረቃ ወጥተሽ በቀጥታ ብስክሌት ላይ አትውጪ። መኪና በሚበዛበት መንገድ እንቅልፍ የያዘው ሰው ብስክሌት መንዳት የለበትም። ተኚ። ያመለጠው ልምምድ ይቅር።

እናትሽን ስለ ሐይቁ ዝርዝር ባትነግሪያቸው ይሻላል። «ምን ጎድሎሽ ነው?» የሚሉሽ ፈርተው ነው። ሜዳሊያውን አንገትሽ ላይ አድርገሽ ፎቶ ስትልኪላቸው ለጎረቤት ሁሉ ያሳያሉ።

ስለ ብስክሌቱ ብዙ አላስረዝም። ውዱን የትራያትሎን ብስክሌት አትግዢ። በልክሽ የሆነ፣ ያገለገለ የአስፋልት ብስክሌት ይበቃሻል። ገንዘብ የምታወጪበት ነገር ካለ፣ ኮርቻውንና መሪውን በሰውነትሽ ልክ ለሚያስተካክል ባለሙያ ክፈዪ፤ ሰባት ስምንት ሰዓት ነው የምትቀመጪበት። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ በብዙ ውድድሮች ከመነሻው ጀምሮ 10 ሰዓት ተኩል እስኪሞላ ብስክሌቱን መጨረስ አለብሽ። ዋናውን በ1 ሰዓት ከ50 ብትጨርሺና ልብስ ለመቀየር 10 ደቂቃ ብታጠፊ 8 ሰዓት ተኩል ይቀርሻል። በሰዓት 21 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። የሚቻል ነው። አንዳንዱ ውድድር ግን ከዚህ ያጠብቃል፤ የራስሽን ደንብ እዪ።

የፍራንክፈርት መንገድ ከዓመት ዓመት ትንሽ ቢቀያየርም ሁለት ቦታዎቹ የታወቁ ናቸው። ማይንታል ሆሽታት ላይ ያለውን የድንጋይ ንጣፍ ተወዳዳሪዎቹ «ሲኦል» ይሉታል፤ የላላ ጠርሙስ ሁሉ እዚያ ይወድቃል። ባድ ፊልበል ዳገት ላይ ደግሞ ተመልካቹ ግራና ቀኝ ሆኖ ይጮሃል። ሰው በጩኸቱ ሞቅ ብሎት ከአቅሙ በላይ ይረግጥና ዋጋውን ማራቶኑ ላይ ይከፍላል። አንቺ ማርሹን አቅልለሽ ውጪው። ካላማዳሪያ መቀየርንም ወጥ ቤትሽ ውስጥ ተለማመጂ፤ የፊቱን ሳይሆን የኋላውን፣ ካቴና ያለበትን። እጅሽ ግራሶ በግራሶ ሆኖ፣ የጎማው ጠርዝ አልገባ እያለ እልህ ሲያስይዝሽ ቤትሽ ብትሆኚ ይሻላል። በውድድር ላይ ከመንገድ ዳር የሚያግዝሽ ተወዳዳሪ አትጠብቂ። ከፊትሽ ካለው ተወዳዳሪም 12 ሜትር መራቅ ግዴታ ነው፤ ተጠግተሽ ንፋስ ከተከለልሽ ትቀጫለሽ።

ሩጫውን ታውቂዋለሽ። ግን 3 ሰዓት ከ52 እርሺው። ከብስክሌት ስትወርጂ እግርሽ የሌላ ሰው እግር ይመስልሻል፤ ስለዚህ ከረጅም ብስክሌት በኋላ ወዲያው 20 ደቂቃ መሮጥ ልማድሽ ይሁን። በውድድሩ ቀን የውኃ ጣቢያ ስትደርሺ በእግርሽ ሂጂ፤ ጠጪ፣ በረዶ ካለ ቆብሽ ውስጥ ጨምሪ። ሙቀትን አትናቂ። እ.ኤ.አ. በ2019 ፍራንክፈርት ላይ ሙቀቱ በርትቶ ነበር። ሴቶቹን ስትመራ የነበረችው አሜሪካዊቷ ሣራ ትሩ ለመጨረስ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳን ሳይቀራት ወድቃ ውድድሩን አቋረጠች። ሣራ ትሩ ያውም ፕሮፌሽናል ነበረች።

ጾሙን በተመለከተ እኔ ልፈርድ አልችልም። የሚወስኑልሽ የንስሐ አባትሽ ናቸው። ግን ውድድሩ ሲደርስ ሳይሆን አሁኑኑ ንገሪያቸው፤ በውድድሩ ቀን በጠዋት ተነሥተሽ እስከ ማታ እንደምትወዳደሪም በግልጽ አስረጂያቸው። ከሥጋና ከወተት መራቁ ለልምምዱ ያን ያህል እንቅፋት አይደለም። የሚያሠጋው የሰዓቱ ጾም ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ አራት ሰዓት ብስክሌት መንዳት ሰውነትን ይጎዳል። የሐዋርያት ጾም ብቻም አይደለም፤ ሁዳዴም የሚውለው ልምምድሽ በሚጠነክርበት ጊዜ ነው። ቅዳሜና እሑድ የሰዓት ጾም ስለሌለ፣ እሑድም ቅዳሴ ስላለ፣ ረጅሙን ልምምድ ቅዳሜ አድርጊው። ሌላው ቀን አጭርና ቀላል ይሁን።

በጾም ላይ ይህን ያህል ልምምድ ሲጨመር የሴት ሰውነት ብረት ሊያንሰው ይችላል። ደም ስትመረመሪ ሄሞግሎቢኑን ብቻ ሳይሆን ፌሪቲኑንም፣ ማለት ሰውነትሽ ያከማቸውን ብረት የሚያሳየውን፣ ይዩልሽ። የወር አበባሽ ከቀረ የምትበዪው አነሰ ማለት ሊሆን ይችላል፤ ልምምዱን ቀንሰሽ ሐኪም አማክሪ። የአጥንት መሰንጠቅ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከዚህ በኋላ ነው።

በብስክሌቱ ላይ በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት ይመከራል። አንድ ጄል አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ግራም አለው። ጄል በአመዛኙ ከስኳር ዓይነቶች ስለሚሠራ ለጾም ችግር የለበትም፤ ወተት ነክ ነገር እንዳይገባበት ግን መለያውን አንብቢ። ሆድሽ እስኪለምድ ከ40 ግራም ጀምሪ። በልምምድ ላይ የበሶ ጭብጦ መያዝም ትችያለሽ። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት፣ ቀስ ብለሽ ስትነጂ ጥሩ ስንቅ ነው፤ እየደከመሽ ስትሄጂ ግን ሆድ ላይ ይከብዳል። ከውድድሩ በፊት ባሉት ሁለት ቀናት እንጀራውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑንና በርበሬውን ተዪያቸው። ነጭ ሩዝ፣ ድንች፣ ነጭ ዳቦ ብዪ። መንገድ ላይም ውኃ ብቻ እየተጋትሽ አትሂጂ። ውኃ ሲበዛ የደም ጨው ይወርዳል፤ አረጋውያን ሶዲየማቸው ሲወርድ እንዴት እንደሚደናገሩ ሥራሽ ላይ አይተሽ ይሆናል። ጨው ያለበት መጠጥ ቀላቅዪ፤ ሲጠማሽ ጠጪ።

ለሚቀጥለው ሰኔ በሙሉው ፋንታ የኦሊምፒኩን ርቀት ፈልጊ፤ 1.5 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 40 ብስክሌት፣ 10 ሩጫ። ገንዳ ውስጥ ሳይሆን ሐይቅ ላይ የሚዋኝበት ይሁን። በዚያው ዓመት መጨረሻ ወይም በሚቀጥለው ግንቦት ግማሹን ርቀት ሥሪ፤ 1.9፣ 90 እና 21.1። ሐይቅ ውስጥ ያለ ዌትሱት 3 ኪሎ ሜትር ተረጋግተሽ ከዋኘሽ ለሙሉው ተዘጋጅተሻል። ካልሆነ ሌላ አንድ ዓመት ጨምሪ።

የተመዘገብሽበትን ደንብ ደግሞ ነገ ዛሬ ሳትዪ አንብቢ። ምዝገባን ወደሚቀጥለው ዓመት ማዛወር ከፈቀዱ የመጨረሻ ቀን ይኖረዋል፤ ተጨማሪ ክፍያም ሊኖረው ይችላል። ካልፈቀዱ ገንዘቡ ይቅር። ከፍዬበታለሁ ተብሎ ወደ ሐይቅ አይገባም። ወጪውም ውሳኔውም ቤታችሁን ስለሚነካ ደንቡን ከባለቤትሽ ጋር ተቀምጣችሁ አንብቡት።